ወንበር የሚሉት ዜማ

አባቴን ያስደበደብኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እጄ ላይ ዱላ አልያዝኩም፤ ግን እኔ ነኝ። «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» ሊለኝ ያሰበ ካለ ይቅርብኝ። እኔው ለራሴ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ፣ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለእናቴም፣ ለባሌም፣ ለራሱ ለአባቴም ሳልናገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። አባቴም ሳያውቅ ሞተ። እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

የነገሩ መነሻ አንድ ዜማ ነው። አባቴ አኮርዲዮን ተጫዋች፣ እናቴ ዘፋኝ ነበሩ። ከነሱ ሌላ ባንዱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሁላችንም መዶሻ የምንለው አጭርና ደንዳና ድራም መቺ፣ እና በእረፍት ሰዓት ቁጭ ባለበት የሚያንኮራፋ ሳክስፎን ነፊ። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ በአንድ የሠርግ አዳራሽ ይሠራሉ። ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ይዘውኝ ይሄዳሉ። ቦታዬ መድረኩ ላይ ከትልቁ ስፒከር ጀርባ ነው። እዚያ ስቀመጥ የድራሙ ምት በጎድን አጥንቶቼ ውስጥ ያልፋል፣ የወለል ሰምና የሽቶ ሽታ አፍንጫዬን ይሞላዋል፣ በስፒከሩና በግድግዳው መሃል ባለችው ክፍተት የጨፋሪው ሁሉ ጫማ ይታየኛል። ሰውን ከፊቱ ይልቅ በጫማው የማውቅ ልጅ ነበርኩ።

ከሚጫወቷቸው አንዱ ግጥም የለውም፤ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ፈጣን፣ ሽባ የሚያስነሳ። የወጉ ስም ይኖረው ይሆናል፣ የባንዱ ሰዎች ግን «ወንበር» ነው የሚሉት። ሌላውን ሁሉ አባቴ ዝርዝር አውጥቶ በተራ ያጫውታል። «ወንበር» ዝርዝሩ ላይ የለም። ድንገት፣ ዘፈን መሃል እንኳ ቢሆን፣ አንገቱን ወደ መዶሻ ያዞርና «ወንበር!» ይላል። እናቴ የያዘችውን ግጥም አፏ ውስጥ ትተወዋለች፣ ሳክስፎን ነፊው ቀና ይላል፣ ይጀምራሉ። ከዚያማ ጉድ ነው። ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ጠብ ይነሳል።

አይቻለሁ እኮ። አንድ ቅዳሜ «ወንበር» ተጀመረ፣ ወዲያው የሙሽራው አጎት የሙሽሪትን ወንድም በብረት ወንበር ፊቱን አለው። ሰውዬው በጉልበቱ ወደቀ። አፉን በሁለት እጁ ይዞ፣ በጣቶቹ መሃል ደም እየተንጠባጠበ፣ አሁንም ይሳደባል። አንድ ጥርሱ ተንሸራትታ መድረኩ ሥር መጣች። አነሳኋት። በክብሪት ሳጥን ውስጥ አድርጌ ለሰፈር ልጆች አሳይ ነበር፤ ለመንካት ተራ ይይዛሉ።

ሌላ ቀን ደግሞ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። የአንድ እናት ልጆች። አንደኛው ጠርሙስ በጠረጴዛ ጠርዝ ሰብሮ የሌላውን ጉንጭ ከጆሮው እስከ አገጩ ተረተረው። ሙሽሪት ልትገላግል ገብታ ነጭ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ቀላ። ፎቶ አንሺው ግን ሥራውን አላቆመም፣ ብልጭ! ብልጭ! ያደርጋል። እና ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ በእግሩ ወለሉን እየመታ፣ ላቡ በአገጩ እየወረደ፣ ያንኑ ዜማ ይደጋግማል። ፊቱ ላይ ምንም የለም።

እንግዲህ ልጅ ነኝ፣ ደመርኩ ቀነስኩ፣ ደረስኩበት። ሰውን የሚያጣላው ዜማው ነው። አባቴም ያውቃል። ሰው ሲያስጠላው፣ ሲያበሳጩት፣ «ወንበር!» ብሎ ይለቅባቸዋል። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር በጣቱ የያዘ ሰው መሆኑ ያስፈራኝም ያኮራኝም ነበር።

አሁን ራሴ ሃያ ዓመት መድረክ ላይ ቆሜ ሳየው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መድረክ ላይ የቆመ ሰው ጠብን ከተጣዪዎቹ ቀድሞ ያያል። ከፍ ብለሽ ስትቆሚ አዳራሹ ሁሉ በመዳፍሽ ላይ ነው፤ ኮቱን የሚያወልቅ፣ ልጇን ወደ ጥግ የምትስብ እናት፣ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ የሚከት ወንድ። ሰዓቱን የፈታ ሰው ሊማታ ነው። አባቴ ያንን ሲያይ ነው «ወንበር» የሚለው። ዜማው ሲሰማ አስተናጋጆቹ ሮጠው ጠርሙስና ቢላዋ ከጠረጴዛ ያነሳሉ፣ ሁለቱ ዘበኞች ከበር ዱላቸውን ይዘው ይገባሉ፣ የቀረው ሕዝብ ደግሞ በፈጣኑ ሙዚቃ ተይዞ ጭፈራውን አይተውም። ሙዚቃ ከቆመ ሁሉም ዞር ብሎ ያያል፤ ያየ ሁሉ ይገባበታል፤ የሁለት ሰው ጠብ የሁለት ቤተሰብ ጦርነት ይሆናል። የሠርግ ባንድ ሕግ ይህ ነው፦ ጠብ ሲነሳ አትቁም፣ ፍጠን። ያኔ ግን ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም ነበር።

የአዳራሹ ባለቤት ነጭ ጫማ የሚያደርግ ወፍራም ሰውዬ ነበር። ተረከዙ ላይ ብረት ስላለበት ሲመጣ ከሩቅ ቃ፣ ቃ፣ ቃ ይላል። እኔን ሲያይ ጉንጬን ቆንጥጦ «ይቺ ደግሞ አይጥ» ይለኛል። ባንዱ ሁሉ «ጌታዬ» ነው የሚለው። አባቴም።

አንድ ቅዳሜ በእረፍት ሰዓት ውሃ ልጠጣ በወጥ ቤቱ ኮሪደር ስሄድ የነጩን ጫማ ድምፅ ሰምቼ ከተደረደሩት ሳጥኖች ጀርባ ተሸጎጥኩ። አባቴ ከፊቱ ቆሟል፣ ባርኔጣውን አድርጎ።

«ሚስትህ ከዘፈን ዘፈን መሃል እዚያ ተገትራ ምን ትሠራለች?» አለው ባለ አዳራሹ። «እንግዶቹ ጋ ትቀመጥ። ትሳቅላቸው። ውበቷን ለግድግዳ ነው ያመጣችው?»

«እሷ ዘፋኝ ናት ጌታዬ» አለ አባቴ። «የምትቀመጠው ከኔ ጋር ነው።»

በጥፊ አለው። ቀለበት ባለበት እጁ። የአባቴ ባርኔጣ በርሮ እግሬ አጠገብ ወደቀ። አሁን ያሳየዋል፣ አሁን ይሰብረዋል ብዬ ጠበቅኩ። አባቴ ጎንበስ አለ፣ ባርኔጣውን አነሳ፣ በክንዱ አራገፈው። ጉንጩ ላይ ቀለበቱ የጫረው ቦታ ደም አቅርሯል። «ሁለተኛው ክፍል ሊጀመር ነው ጌታዬ» አለና ወደ መድረኩ ገባ።

አፈርኩበት። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን በሰው አፍሬ አላውቅም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከመጋረጃው ወዲያ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። እናቴ «እንውጣ። ነገ ዛሬ የለም፣ እንውጣ» ትላለች። አባቴ «በምን ልውጣ? ባዶ እጄን?» ይላል። «እጅህ ይበቃል» አለችው። «እጄ ያለሱ ምን ይሠራል?» አላት። እሱ የሚለው ባለ አዳራሹን መሰለኝ። ያለዚያ ሰውዬ መኖር የማይችል ፈሪ ነው አልኩ። ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ማልቀሱን ትቼ አሰብኩ። እሱ ካልለቀቀበት እኔ እለቅበታለሁ። ዜማውን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ደግሞም አውቀው ነበር። በእረፍት ሰዓት አኮርዲዮኑ ወንበር ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ሌሎቹ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ክፍል ሲበሉ እኔ ሥሩ እንበረከክና ወናፉን ሳልከፍት፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በቀኝ እጄ ቁልፎቹን እከተላለሁ። «ወንበር»ን ከዳር እስከ ዳር በጣቴ ለቅሜ ይዤዋለሁ። አባቴ ያሳየኝ ሦስት ቀላል ነገሮችን ብቻ ነበር፤ በነሱም ላይ «ትቸኩያለሽ ሚጡ፣ ሁልጊዜ ከሁለተኛው መስመር ላይ ትቸኩያለሽ፣ ማን ያባርርሻል?» ይለኛል።

በማግሥቱ እሁድ የባለ አዳራሹ የራሱ ልጅ ሠርግ ነበር። አዳራሹ እንደዚያን ቀን አምሮበት አያውቅም። ጣሪያው ላይ ሳይቀር አበባ ነው። ባለ አዳራሹ በነጭ ጫማው መሃል ገብቶ፣ እጁን ወደ ላይ አድርጎ፣ ሆዱን እያስቀደመ ይጨፍራል። አባቴ ጉንጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ያጫውተዋል። እናቴ ስትዘፍን አንድም ጊዜ ወደሱ አላየችም። እንግዲህ እግዜር ሲያመቻች እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ።

እረፍት ሆነ። የመድረኩ መጋረጃ ተዘጋ። አራቱም ወደ ኋላ ክፍል ሄዱ። ከመጋረጃው ወዲያ የሳህንና የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ወንበሩ ላይ ወጣሁ፣ አኮርዲዮኑን ጭኔ ላይ ጎተትኩት፤ አገጬ ጫፉ ላይ ደረሰ፣ ክብደቱ ጉልበቴን ቁልቁል ተጫነው። ማይክራፎኑ ከፊቱ ቆሟል፣ ትንሿ ቀይ መብራት በርታለች። ማሰሪያውን በግራ ክንዴ ሳብኩና ወናፉ ሲተነፍስ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው መስመር ሳይሳሳት ወጣ። ራሴን አላመንኩም። ሁለተኛው ላይ ቸኮልኩ፣ ጣቴ አንድ ቁልፍ ዘለለች፣ አንዷ ድምፅ ጠፍታ ሌላይቱ በቦታዋ ገባች፤ አልቆምኩም፣ ቀጠልኩ። ከመጋረጃው ወዲያ ሳቁ ቆመ።

በመጋረጃው ክፍተት አሻግሬ አየሁ። አስተናጋጆቹ በአንዴ ከየግድግዳው ተነስተው ከሰው እጅ ጠርሙስ ይነጥቃሉ። ሊጠጣ አፉ ያስጠጋውን ሳይቀር! ሁለቱ ዘበኞች በሩን በርግደው ገቡ፣ ዱላቸው ከፍ ብሏል፣ ጠብ ይፈልጋሉ፣ ጠብ የለም። ዓይናቸው አዳራሹን ዞረና ኮቱን ባወለቀው ብቸኛ ሰው ላይ አረፈ። የሙሽሪት ታላቅ ወንድም ነው፣ ሙቀቱ በዝቶበት ነው ያወለቀው፣ ሹካውን እንደያዘ ነው። ከኋላ አንገቱን አንቀው ከወንበሩ ጎተቱት። «እንዴ! ምን አድርጎ?» ብሎ አባቱ ሲነሳ በዱላ ትከሻውን መቱት። የሙሽሪት ወገን ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነሳ።

የኔ ዜማ ሠራ አልኩ። አኮርዲዮኑን ወንበሩ ላይ ጥዬ ከስፒከሩ ጀርባ ገባሁና በክፍተቷ አየሁ።

ያን ዕለት ያየሁትን ከዚያ በኋላ በሃያ ዓመት ሥራ አላየሁም። ጠረጴዛ ከነሳህኑ ተገለበጠ፤ ኬኩ ላይ ሁለት ሰዎች ተያይዘው ወደቁና በክሬሙ ውስጥ ይናከሳሉ፤ አንዷ ሴትዮ የጫማዋን ተረከዝ በሰው አናት ላይ ትወቅጣለች፣ «የወንድሜን! የወንድሜን!» እያለች። አንድ ወጣት ግንባሩ ተሰንጥቆ፣ ዓይኑ ደም ሞልቶት፣ በዳበሳ ሰው እየፈለገ የገዛ ዘመዱን ይደበድባል። ሙሽራው ከሙሽሪት ወንድም ጋር ተናንቋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ነጩን ጫማ ፈለግሁ፤ ባለ አዳራሹ ላይ ነበር እኮ የለቀቅኩት። ሌላው ሁሉ ለምን ይደማል? ያኔ ፈራሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ።

መጋረጃው ተከፈተ። አባቴ ሮጦ መጥቶ ግራ ቀኝ ሳያይ አኮርዲዮኑን ታጠቀ፣ «ወንበር!» አለ፣ ጀመሩ። እናቴ እንኳ እያጨበጨበች ቆመች። ሕጉ ነውና አላቆሙም። የሚጨፍር ግን አልነበረም።

ባለ አዳራሹ ሸሚዙ ተቀዶ፣ አፍንጫው እየደማ፣ ከሁለቱ ዘበኞች ጋር መድረኩ ላይ ወጣ። ቃ፣ ቃ፣ ቃ።

«ማነው የመታው?» አለ። «ማን ያለ ምንም ነገር ያንን ዜማ መታው? የልጄን ሠርግ!»

ሙዚቃው ቆመ። አባቴ ተነሳ።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አይተህ?»

«ምንም። ደስ አለኝና ተጫወትኩት።»

እሰይ! አልኩ። አባቴ ተነሳ፣ አባቴ ወንድ ሆነ፣ የትናንቱን ጥፊ ሊመልስ ነው። ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው ሌላ ሰው እንዳይፈልግ፣ ንዴቱ ሁሉ እዚያው እሱ ላይ እንዲያልቅ ብሎ ያለው እንደሆነ በምን ላውቅ?

ባለ አዳራሹ አልጮኸም። ወደ ዘበኞቹ ዞሮ በቀስታ «አኮርዲዮኑን አውልቁለት» አለ። «የኔ ነው፣ እንዳይጎዳብኝ።»

የሱ ነው? እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ አኮርዲዮኑ የአባቴ አካል ይመስለኝ ነበር። ድራሙም፣ ሳክስፎኑም፣ ማይክራፎኑም የአዳራሹ ናቸው፤ አባቴ ከዚያ በር ከወጣ የሚጫወትበት የለውም። የዚያ ምሽቱ «ያለሱ» ባለ አዳራሹ ሳይሆን አኮርዲዮኑ ነበር። አንዱ ዘበኛ ማሰሪያውን ከአባቴ ትከሻ ላይ እንደ ሕፃን ልብስ ቀስ አድርጎ ፈታና አኮርዲዮኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ ዱላው ጎኑ ላይ አረፈ። አባቴ እጥፍ አለ። ሁለተኛው ጉልበቱን አለው፣ ወደቀ። ፊቱ ወደኔ ነበር፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ባለ አዳራሹ ቀኝ እጁን በእግሩ ፈልጎ ወለሉ ላይ ዘረጋውና ብረት ባለው ተረከዙ ረገጠው። አንዴ። ደገመው። ሲሠልስ ክብደቱን ሁሉ ጥሎበት ዞር ዞር አለበት። የጣት አጥንት ሲሰበር ድምፁ ትንሽ ነው፤ ባዶ ክብሪት ሳጥን የረገጥሽ ያህል ነው። አባቴ አልጮኸም። ከንፈሩን ነክሶ፣ ደም በአገጩ እየወረደ፣ ዓይኑን አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ስፒከሩ ጀርባ አላዞረም። አላየኝም ብዬ ነበር የማስበው።

መዶሻ በድራሙ ላይ ዘሎ ሲመጣ ዱላ ቅንድቡን ከፈለው፣ ወደቀ፣ ዓይኑ በደም ተሸፍኖ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ያኔ እናቴ የማይክራፎኑን ዘንግ በሁለት እጇ አነሳች። እግሩ ከባድ ብረት ነው። ከኋላ ዞራ በባለ አዳራሹ አንገትና ትከሻ መሃል አሳረፈችው። አጥንቱ ሲሄድ የሰማሁት ይመስለኛል። ነጩ ጫማ ወደ ላይ ተነሳ፣ ሰውዬው ከመድረኩ ወደ ታች ሄደ።

«ንካው!» አለች፣ ዘንጉን ወደ ዘበኞቹ አዙራ። «አሁን ንኩት እስቲ! የእናቱ ልጅ የሆነ ይምጣ!»

አልመጡም። ያ እንቅልፋም ሳክስፎን ነፊ አባቴን አዘለው፣ መዶሻ እየተደናበረ ተከተለ፣ እናቴ እኔን ከስፒከሩ ጀርባ በክንዴ ጎትታ አወጣችኝና በወጥ ቤቱ በር ወጣን። ሳክስፎኑን እንኳ ትተነው ነው የወጣነው። የኛ አይደለማ።

የአባቴ ሦስት ጣቶች ድነው አልዳኑም። አልታጠፍ አሉ። አንድ ቀን መዶሻ ቅንድቡ እንደተሰፋ ሊጠይቀው መጥቶ በሹክሹክታ «ልጅቷስ?» ሲል ሰማሁ። አባቴም «ልጅቷ እንዳታውቅ፣ በሞቴ» አለ። ጣቶቹ እንደማይመለሱ እንዳላውቅ መሰለኝ። አውቃለሁ እኮ፣ አውቃለሁ ብዬ ብርድ ልብሱ ውስጥ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮ እንዴት ሆነ? እንደ ሙዚቀኛ ኑሮ ሆነ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ። ያቺ ድምፀ መረዋ እናቴ በማስታወቂያ መኪና ላይ ቆማ በየሰፈሩ ስለ ሳሙና ዘፈነች፤ ልጆች ከኋላዋ ሲሮጡ ግን ለትልቅ አዳራሽ እንደምትዘፍን ነበር የምትዘፍነው። አባቴ የሙዚቃ መሣሪያ ጥገና ቤት ገብቶ በግራ እጁ ሠራ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከተጣሉ ሦስት አሮጌ አኮርዲዮኖች አንድ ገጣጥሞ አመጣልኝ፤ ሲከፈት እንደ አሮጌ በር ያንቋርራል። አስተማረኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንዲት ድምፅ ስስት «ተነሺ! ሂጂ ልብስ እጠቢ!» ብሎ ያባርረኛል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መልሶ ይጠራኛል።

«ወንበር»ን ግን እጄ አልነካም አለ፤ ዓመታት ሸሸሁት። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ራሱ ጠየቀኝ። «ሠርግ የምትሠሪ ከሆነ ያለሱ ከዚህ ቤት አትወጪም» አለኝ። ያኔ ነው የሰዓቱንም፣ የዘበኞቹንም፣ የሕጉንም ነገር ያስረዳኝ፤ ያኔ ነው ምን እንዳደረግሁ በትክክል የገባኝ። እያለቀስኩ ተጫወትኩለት። ሁለተኛው መስመር ላይ ያቺ የፈረደባት ጣቴ እንደ ልማዷ ዘለለች። ስድቡን ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞሮ «ቀጥዪ» አለኝ። ከዚያም በኋላ ስንት ሺህ ጊዜ ተጫወትኩለት፣ ሌላውን ሁሉ ከሥር ከሥሬ እየተከታተለ ሲያርም ያቺን አንዲት ስህተት አንድም ቀን አላነሳትም። ጆሮው ደከመ ብዬ አዘንኩለት።

አባቴን ከቀበርን በኋላ አንድ ከሰዓት መዶሻ ቤቴ መጣ። አርጅቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆ ሲይዝ ሳይወድ ምት ይመታል። ቅንድቡ መሃል ለመሃል ተከፍሎ እንደቀረ ነው። እሱን ሳየው አላስቻለኝም።

«ጋሼ መዶሻ» አልኩት፣ «ያን ቀን ዜማውን የተጫወትኩት እኔ ነኝ። አባዬ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ሳቀ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የነበረው እውነታቸውን ነው» አለ። «አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን እኛ የማናውቅ መስሎሽ ነው?»

«ታውቁ ነበር?»

«ኧረ እዚያው! ኋላ ክፍል ተቀምጠን እየበላን ነው። ዜማው ሲጀመር ሁላችንም ብድግ አልን። አባትሽ እጁን ዘርግቶ ያዘን። ‹ቆዩ› አለ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣትሽ ስትዘልል፣ ‹ሚጡ ናት› አለ። አፈር ስሆን፣ ፊቱ በራ። ‹ይኼን ማንም አላሳያትም፣ በራሷ ለቅማ ነው፣ ሰማችሁ?› ይላል፣ እንጀራው አፉ ውስጥ ነው። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ፊቱ ተለወጠ። በሩ ላይ ዞሮ ‹የተጫወትኩት እኔ ነኝ። ሦስታችሁም ሰምታችኋል› አለን። እናትሽ ልትናገር ስትል አፏን በእጁ ከደነው።»

ቁጭ ባልኩበት ደረቅሁ።

«‹ካወቀች አኮርዲዮን ዳግመኛ አትነካም› ይል ነበር። አስማለን» አለ መዶሻ።

«ታዲያ ስህተቴን ለምን አላረመልኝም?» አልኩት፤ ይህን ለምን እንደመረጥኩ አላውቅም፣ የመጣልኝ እሱ ነው። «ሁሉን ሲያርም ያቺን ለምን ተዋት?»

መዶሻ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጠይቄዋለሁ። አንቺ ሠርግ መሥራት ከጀመርሽ ወዲህ አባትሽ ቅዳሜና እሁድ የት ይሄድ ነበር?»

«ካንተ ጋር ካርታ ሊጫወት ነዋ።»

«ካርታ!» አለ። «አንቺ ከምትሠሪበት አዳራሽ ማዶ ድንጋይ ላይ ነው የሚቀመጠው። ክረምት ከበጋ። እኔን ይዞ። ውስጥ ግርግር ሲነሳ፣ ወንበር ሲሰበር ስንሰማ፣ የኔን ክንድ ጨምድዶ ይይዘኛል። መግባት አይችል፣ ምን ሊያደርግ? ‹ወንበር› ይጀመራል። ሁለተኛውን መስመር ይጠብቃል። ያቺ ጣትሽ ስትዘልላት ክንዴን ይለቀኛል። ‹አለች› ይላል፣ ‹በእግሯ ናት፣ የምትጫወተው እሷ ናት።› እሷን ካረምኩባት ከውጭ ሆኜ በምን አውቃታለሁ አለኝ።»

ክንዱን ሰብስቦ አሳየኝ፣ የአባቴ ጣቶች የሚያርፉበትን ቦታ። የማይታጠፉት ሦስቱ የሚጨምድዱት እንዴት እንደነበረ አልጠየቅሁትም። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሠርግ ነበረኝ። ሞቅ ብሎ ሳለ በስተቀኝ ካለው ጠረጴዛ አንድ ጎረምሳ ሰዓቱን ሲፈታ አየሁት። ወደ ድራም መቺዬ ዞሬ «ወንበር!» አልኩ። የመጀመሪያው ጠርሙስ ግድግዳው ላይ ተበተነ፣ አንዲት ሴት ጮኸች፣ አንድ ሰው ፊቱን ይዞ በጨፋሪው መሃል ወደቀ። እኔ ፈጠንኩ። ሁለተኛው መስመር ሲደርስ አሁን በደንብ ልጫወተው እችል ነበር፤ ጣቴ ከሞላ ጎደል ታርማለች። ከአዳራሹ ማዶ ድንጋዩ ላይ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ። አውቄ ቸኮልኩና ያቺን ድምፅ ዘለልኳት።